ካሳሁን ያልላከው ፖስት ካርድ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሊዲያ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ቦርሳዋን ወርውራ የቆሻሻውን ቅርጫት በረንዳው ላይ ደፋችው። የእንቁላል ካርቶን፣ የማካሮኒ ላስቲክ፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ የተበጠሰ የጫማ ክር፤ ሁሉንም በየዓይነቱ ትለያለች። ጥቅምት ቢሆንም የሸዋ ሮቢት ሙቀት ገና አልበረደም፤ እኔ በር ላይ ተቀምጬ በጋዜጣ እያራገብኩ ነበር።

"ምን ልታደርጊ ነው ይሄን ሁሉ?" አልኳት።

"የሃሎዊን ካርድ ልሠራ ነው እማዬ። የእንግሊዝኛ ክበብ ቲቸራችን ከወዳደቀ ነገር ሥሩ ብላናለች።"

"ሃሎዊን ደግሞ የማን በዓል ነው?"

"የፈረንጅ። የሙታን በዓል ነው፤ ካርዱ ሰው ማስደንገጥ አለበት።" ከእንቁላሉ ካርቶን የራስ ቅል ቆርጣ በከሰል አጠቆረችውና ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። "ከሥር ደግሞ ከሞተ ሰው የተላከ አስመስዬ ነው የምጽፍበት። ምን ብዬ ልጻፍ?"

እኔ አፌ የማያርፍ ሴት ነኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ወባ መከላከል ውስጥ ደም ስመረምር ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ እንኳ የሥራ ባልደረቦቼ "ጆሯችን አረፈ" ብለው ነው የሸኙኝ። ያን ዕለት ግን ጋዜጣዬን አጥፌ ተነሣሁ። ሙቀቱን አመካኝቼ ገባሁና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ምን ታውቃለች? እኔ እንዲህ ያለውን ካርድ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ሠርቼዋለሁ። ያውም ሰው የማስደንገጥ ሐሳብ ሳይኖረኝ፣ ሰው አስደስታለሁ ብዬ።

አባቴ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የሚያክም ድሬሰር ነበር። ከጎጃም ተመድቦ ወደዚህ ሲወርድ እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር፤ ስለዚህ የቆላ ልጅ ነኝ። የምንኖረው እትዬ ትርፌ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነበር። እትዬ ትርፌ አስፋልቱ ዳር ምግብ ቤት ነበራቸው፤ ወደ ደሴ የሚያልፉ ሾፌሮች ሁሉ ያውቋቸዋል። ብርዳሙ ጣርማ በር ላይ ጃኬት ደርበው የነበሩ ሰዎች እሳቸው ቤት ሲደርሱ ሸሚዛቸውን እስከ እምብርታቸው ከፍተው ነው የሚቀመጡት። ከጓዳው በኩል የሽንኩርት ልጣጭ በየቀኑ ይከመራል፤ የቁሌቱ ሽታ ልብሳችን ውስጥ ገብቶ ትምህርት ቤት ድረስ ይከተለን ነበር።

ባላቸው ቀደም ብለው ስለሞቱ የቀራቸው አንድ ልጅ ነው። ካሳሁን ይባላል። እኔን በአራት ዓመት ይበልጠኛል።

ፖስት ካርድ መሥራት ያስተማረኝ እሱ ነው። በዚያን ጊዜ የሱቅ ፖስት ካርድ ብርቅ ነው፤ ቢገኝም አበባውም ጽሑፉም የሌላ አገር ነው። ካሳሁን ደግሞ እጁ የማይሠራው ነገር አልነበረም። አባቴ ከክሊኒክ የሚጥላቸውን የመድኃኒት ካርቶኖች ሰብስቦ ነጩን ወገን በመቀስ ያስተካክላል። ከሮቢ ወንዝ ዳር ከግራሮቹ ሙጫ ለቅመን በሞቀ ውኃ እናሟሟለን። ብርማው የሲጋራ ወረቀት ወንዝ ይሆናል፤ የሲሚንቶ ከረጢት ተራራ ይሆናል። ቀይና ወይን ጠጅ ቀለም ሲያስፈልገን አባቴ የቁስል መድኃኒት የጨረሰባቸውን ጠርሙሶች እናጥባለን። እኛ አገር ዐደይ አበባ እንደ ደጋው ደጅ ላይ አይፈላም፤ ከላይ ከደብረ ሲና ሰው ካላመጣ አናየውም። ስለዚህ ካሳሁን ዐደይን ከእናቱ የሽንኩርት ልጣጭ ይሠራት ነበር። ልጣጩን በእርድ ውኃ ነክሮ ያደርቀዋል፤ ከዚያ እንደ አበባ ቅጠል እየቆረጠ በሙጫ ይደረድረዋል። እጅ ሲነካው ኮሽ ይላል። ዛሬም ሽንኩርት ስልጥ ጣቴ ያቺን ድምፅ ይፈልጋታል።

እሱ ሲሠራ ጎኑ ተቀምጬ መቀስ አቀብለው ነበር። አንድ ቀን አበባዬን አይቶ፣ "ስንዱ፣ ከኔ እኮ በለጥሽ" አለኝ። ለሱ እንዲያው የተባለ ነገር ነው። እኔ ግን ሳምንት ሙሉ ያንን ቃል ይዤ ዋልኩ አደርኩ። ወድጄው ነበር። ያኔ እንዲህ ብዬ ለራሴም አልተናገርኩትም፤ አሁን በዚህ ዕድሜዬ ማንን እፈራለሁ? ወድጄው ነበር።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣና ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ወሰደው። ከሰሜን የሚመጣው ደብዳቤ በሾፌሮች እጅ ነበር የሚደርሰን። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ፖስት ካርድ ላከ፤ አንድ ለእንቁጣጣሽ፣ አንድ ለገና፣ አንድ ለፋሲካ። የወታደር ብስኩት ከሚመጣበት ካርቶን የተቆረጡ ናቸው። ቀለም ስላላገኘ ይመስለኛል በሻይ ቅጠልና በከሰል ነው የሣላቸው። እትዬ ትርፌ ፊደል አልቆጠሩም። እኔ አነብላቸዋለሁ፤ መልሱንም እሳቸው እየነገሩኝ እጽፋለሁ። ካርዶቹን በነጠላ ጠቅልለው ሣጥናቸው ውስጥ ያኖሯቸዋል፤ ሰው በመጣ ቁጥር አውጥተው ያሳያሉ።

ከፋሲካ በኋላ ካርድም ደብዳቤም ጠፋ። ክረምቱ ገባ። በፍልሰታ ጾም ከባድ ነፋስ መጣና ካሳሁን ከመሄዱ በፊት የተከላትን ፓፓያ ጓሮ ውስጥ ጣላት። ፍሬዋ ገና አረንጓዴ ነበር። እትዬ ትርፌ ከልጃቸው ቀጥሎ የሚሳሱት ለፓፓያዋ ነበርና በማግሥቱ ጠሩኝ። "ጻፊለት እስቲ፤ ፓፓያህ ወደቀች በዪው፤ አንተ ስትመጣ ሌላ ትተክላለህ በዪው" አሉኝ። ጽፌ ለአንድ ሾፌር ሰጠሁ። መልስ የለም።

ነሐሴ አልቆ ጳጉሜ ሲገባ እትዬ ትርፌ ሌላ ሰው ሆኑ። ከሰሜን የሚመጣ መኪና በቆመ ቁጥር ወጡን ምድጃ ላይ ጥለው ይወጣሉ። "ከካሳሁን የተላከ ነገር የለም?" ይላሉ፤ የለም ሲባሉ ደግሞ "እንግዲያው ሌላው መኪና ይዞ ይሆናል" ብለው ይመለሳሉ። ወጡ ያርራል። ሾፌሮቹ ያረረ ወጥ በልተው ሒሳባቸውን ከፍለው ይሄዳሉ። አንድ ከሰዓት እናቴን፣ "ዘንድሮ የልጄ ወረቀት ካልመጣ ዶሮም አላርድ፣ ቄጠማም አልጎዝጉዝ፤ የምን እንቁጣጣሽ ነው?" ሲሏት ሰማሁ።  እናቴ ወደ ቤት ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች። አባቴም በዚያ ሰሞን ከሥራ ሲመጣ በምግብ ቤቱ በር ማለፍ ትቶ በጓሮ ዞሮ ይገባ ነበር። አየሁ፤ አልገባኝም። ልጅ የትልቅ ሰው ፊት ማንበብ ይችላል የሚሉ ሰዎች እኔን አያውቁኝም።

የሆነው ይሄ ነው። እዚሁ ቅርብ ካለችው ከጀውሃ የዘመተ አንድ ልጅ ቆስሎ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እሱና ካሳሁን አንድ ጦር ውስጥ ነበሩ። ልጁ ካሳሁን በሐምሌ ሥላሴ ዕለት እንደሞተ፣ የቀበረውም እሱ ራሱ እንደሆነ ለጎረቤታችን ለሐጂ ሙሄ ነገራቸው። ሐጂ ሙሄ ለአባቴና ለአጥቢያችን ቄስ ለመምሬ ገብሬ ነገሩ። ሦስቱ ተቀምጠው መከሩ። እኛ አገር ሞት እንዲሁ አይነገርም፤ መርዶ ቀን ተመርጦለት፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። ቀኑን ሲመርጡ እንቁጣጣሽ ሳምንት ቀርቶት ነበር። "በዓሉ ይለፍላት" ተባባሉ። ከሚስቶቻቸው በቀር ለማንም ትንፍሽ ላይሉ ተስማሙ።

እኔ ይህን ሁሉ አላወቅሁም። የማውቀው ያረረውን ወጥ ነው። እትዬ ትርፌ አንጀቴን በሉኝ። ደብዳቤው መንገድ ላይ ቀርቶ ነው እንጂ እሱማ እናቱን አይረሳም ብዬ አሰብኩ። እሱ የዘገየውን እኔ ብሠራለት ምን ነውር አለው? ሲመለስ እነግረዋለሁ፤ ይስቃል፤ "ከኔ በለጥሽ" ይለኛል። እንደዚህ ነው ያሰብኩት።

ጳጉሜ ሦስት ቀን፣ የሩፋኤል ዝናብ ሲዘንብ ልጁ ሁሉ ሊጠመቅ ልብሱን አውልቆ ደጅ ሲራወጥ፣ እኔ ጓዳ ውስጥ በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ካርቶን ከክሊኒኩ አመጣሁ። በጀርባው የመድኃኒቱ ስም ስላለ ሌላ ወረቀት ለጠፍኩበት። የሽንኩርት ልጣጩን በእርድ ነከርኩ። ከፊት ለፊት ዐደይ አበባ፣ ከበስተኋላዋ የሲሚንቶ ወረቀት ተራራ፣ ከሥር ብርማ ወንዝ። እንደዚያ ያማረ ነገር ከዚያ በፊትም በኋላም ሠርቼ አላውቅም። የካሳሁንን የእጅ ጽሕፈት ደግሞ ካርዶቹን ደጋግሜ በማንበብ ብዛት አንድ ባንድ አውቀዋለሁ፤ "ለ"ን ሲጽፍ አንዱን እግር አርዝሞ ወደ ግራ ይጎትተዋል። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

"ይድረስ ለምወድሽ እናቴ። ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ፓፓያችን በነፋስ መውደቋን ሰማሁ። አትዘኚ፤ ስመጣ ሌላ እተክልልሻለሁ። እንኳን ለዘመን መለወጫ በሰላም አደረሰሽ። ልጅሽ ካሳሁን።"

እዚህ ላይ ብተው ምን ነበረበት። ቀለሙ እስኪደርቅ ቁጭ ብዬ ሳየው ከታች ባዶ ቦታ ቀርቷል። ብዕሬን አነሳሁና፣ "ለስንዱም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እሷን አልረሳኋትም" ብዬ ጨመርኩ። እሱ በሦስቱም ካርዶች አንድ ጊዜ እንኳ ስሜን ጠርቶ አያውቅም። አንባቢዋ እኔ መሆኔን እያወቀ።

በማግሥቱ፣ "እትዬ፣ አንድ ሾፌር ሰጥቶኝ አለፈ" ብዬ አመጣሁላቸው። እጃቸው ሊጥ ነክቶት ነበር። በቀሚሳቸው ሳይሆን በንጹሕ ነጠላ ጠርገው ተቀበሉኝ። ሳነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ፓፓያዋ ጋ ስደርስ፣ "ደረሰው! ደብዳቤዬ ደረሰው!" ብለው ግንባሬን ሳሙት። የኔን ሰላምታ ሳነብ ካርዱ ላይ አቀረቀርኩ፤ እሳቸው ሐፍረት መሰላቸው። "አየሽ፣ ያስብሻል እኮ። ይምጣልኝ ብቻ፤ እኔ ነኝ የምድርሽ" አሉኝ። ያቺን ቃል ሰርቄ የወሰድኳት ያህል ይዣት ሮጥኩ።

እንቁጣጣሽ እንደዚያ ዓመት በዚያ ግቢ ተከብሮ አያውቅም። ሁለት ዶሮ ታረደ። ከደብረ ሲና የመጣ ቄጠማ ተጎዘጎዘ። እትዬ ትርፌ መምሬ ገብሬን፣ አባቴንና እናቴን፣ ሐጂ ሙሄንም ጠሩ። ለሐጂ የክርስቲያን ሥጋ ስለማይሆንላቸው ዳቦና ሻይ ለብቻ ተዘጋጀላቸው። ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አባቴ ተቀብሎ፣ ሳያነብ፣ ቶሎ ብሎ ለመምሬ አሳለፈው። መምሬም አበባዋን ብቻ አይተው፣ "ያምራል" ብለው መለሱ። ሳይሞት በፊት ልኮት ዘግይቶ የደረሰ ነው የመሰላቸው፤ ይህን አባቴ ኋላ ነው የነገረኝ። ማዕድ ከፍ ሲል መምሬ ገብሬ ተነሥተው መረቁ። "ልጅሽን በሰላም ይመልስልሽ" ማለት ነበረባቸው፤ አላሉም። "ቤትሽን ይባርክልሽ" ብለው ተቀመጡ። እትዬ ትርፌ ግን፣ "አሜን፣ ልጄንም በሰላም ያምጣልኝ" ብለው ራሳቸው ጨረሱት።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ እንዴት ይንገሯቸው? እትዬ ትርፌ ካርዱን ብብታቸው ሥር ይዘው ሲዞሩ የሚያይ ሰው በየት በኩል አፍ ይከፍታል? "እንግዲህ መስቀልም ይለፍ" ተባለ። ሃያ ቀን ሙሉ እትዬ ትርፌ ሲስቁ፣ ወጣቸው ሲጣፍጥ፣ ሾፌሮች አብረዋቸው ሲቀልዱ ሰነበቱ። እኔም ሥራዬ ነው ብዬ በልቤ እኮራ ነበር።

መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ገና ሰማዩ ሲቀላ፣ የግቢው በር ሲከፈት ነቃሁ። በመስኮት ሳይ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይገባሉ። እናቴም ከነሱ ጋር አለች። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሞት እንደሆነ ልጅም ያውቃል። ተነሥቼ በባዶ እግሬ ተከተልኳቸውና የእትዬ ትርፌ በር ላይ፣ ከሰው ኋላ ቆምኩ።

እትዬ ትርፌ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት ሴቶች ቢወድቁ ሊይዟቸው ግራና ቀኝ ቆመዋል። መምሬ ገብሬ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ትርፌ፣ እንግዲህ የመጣነው ለክፉ ነው። ካሳሁን በሐምሌ ሥላሴ ዕለት አርፏል" አሉ። ሴቶቹ ለቅሶ ሊጀምሩ ነበር።

"ቆዩ" አሉ እትዬ ትርፌ። አልጮሁም። እጃቸውን አንሥተው ሴቶቹን አስቆሙና ወደ ሣጥናቸው ሄዱ። ነጠላውን ፈትተው የኔን ካርድ አወጡ። "በሐምሌ ሥላሴ ነው ያላችሁኝ?"

"በሐምሌ ሥላሴ" አሉ መምሬ።

"ፓፓያዬ የወደቀችው በፍልሰታ ነው። ጎረቤት ያውቃል። ልጄ ፓፓያዋ መውደቋን ሰማሁ ብሎ ጽፎልኛል፤ ይኸው። የሞተ ሰው የፓፓያዬን ወሬ ከየት ሰማው?"

 ሐጂ ሙሄ፣ "የጀውሃው ልጅ በእጁ ነው የቀበረው" ብለው ጀመሩና መሐል ላይ ድምፃቸው ሰለለ። "ስም ተመሳስሎበት ይሆን? ያ ረቢ፣ ተሳስተን እንደሆነ አሳየን።" ሰዉ እርስ በርሱ መተያየት ያዘ። አንዷ ሴት ነጠላዋን ወደ ደህናው መለሰች። መምሬ ገብሬ እንኳ ፊታቸው ሲበራ አየሁ። ማን ይፈርድባቸዋል? እኔስ ራሴ ለአንድ አፍታ፣ እንግዲያው በሕይወት አለ ብዬ አላመንኩም? ፓፓያዋን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ረስቼ፣ እውነቴን ነው፣ ረስቼ።

"የሌላ ሰው መርዶ ነው" አሉ እትዬ ትርፌ። "እናቱን ፈልጋችሁ ንገሯት። የኔ ልጅ ይመጣል።"

አባቴ እጁን ዘርግቶ ካርዱን ተቀበላቸው። ወደ በሩ ብርሃን ዞሮ አገላበጠው። ከጀርባው የለጠፍኩት ወረቀት በሙቀቱ ጠርዙ ተነሥቶ ነበር፤ ከሥሩ የመድኃኒቱ ስም ብቅ ብሏል። በየቀኑ የሚከፍተው ካርቶን ነው። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። አልተቆጣም።  ካርዱን ይዞ ጠበቀኝ።

ብሸሽ እችል ነበር። ዝም ብል አባቴ ሊናገር እንደሚችል፣ ላይናገርም እንደሚችል አውቃለሁ። ዝም ብንል እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ አስፋልት ዳር ቆመው መኪና ሲጠብቁ ይኖራሉ። ይሄ ነው የታየኝ። ሰዉን ገፍቼ ገባሁና እግራቸው ሥር ወደቅሁ።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

"ምኑን?"

"ካርዱን። ሾፌር አልሰጠኝም። ወጥዎ ሲያርር አይቼ አዝኜ ነው። ፓፓያዋንም ደብዳቤውን ስለጻፍኩት ነው የማውቃት።"

 እሳቸው በቀስታ፣ "ሰላምታውስ?" አሉ።

"እሱም የኔ ነው።"

ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን አልመቱኝም፣ አልሰደቡኝም። ሦስቱን የብስኩት ካርቶኖች ከነጠላው አወጡና የኔን ካርድ ከአባቴ እጅ ወስደው ከነሱ ጋር ጭኔ ላይ ደረደሯቸው። "ለይልኝ" አሉ። "የልጄን ከልጄ፣ የአንቺን ከአንቺ። እኔ ማንበብ አልችልም። ስንት ነው የዋሸሽኝ?"

"አንዱን ብቻ ነው እትዬ።"

"ለይልኝ አልኩሽ።"

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሦስቱን ወደ እሳቸው፣ አንዱን ወደ ራሴ አደረግሁ። ሦስቱን አነሡና ደረታቸው ላይ አደረጓቸው። ያን ጊዜ ነው ያመኑት። ያን ጊዜ ነው የጮሁት። ያንን ድምፅ መጻፍ አልችልም፤ አልሞክርም።

ለቅሶው ጋብ ሲል፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ፣ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩ። "እሷ እንኳ ልጅ ናት፤ አላወቀችም። እናንተ ዶሮዬን በላችሁ። መረቃችሁኝ። ልጄ አፈር ውስጥ እያለ አብራችሁኝ ሳቃችሁ። ሃያ ቀን በሱ ላይ ሳቅሁ፤ ምን ይለኝ ይሆን?" አሉ። መምሬ ገብሬ አቀረቀሩ። አባቴ አቀረቀረ። ሐጂ ሙሄ፣ "እኔም ሻይዎን ጠጥቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ" ብለው እንባቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ ጠረጉ።

የኔን ካርድ እዚያው ቀን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። የሽንኩርት ልጣጭ ቶሎ ይነዳል።

ከመርዶው አርባ ቀን እስኪሞላ ድረስ እትዬ ትርፌ አላናገሩኝም። በየማለዳው ውኃ ቀድቼ በራቸው ላይ አስቀምጣለሁ፤ ባዶውን እንስራ መልሰው ያኖሩልኛል፤ በቃ። ተዝካሩ በወጣ ማግሥት ግን ጠሩኝ። ነጠላውን ፈትተው፣ "አንብቢልኝ" አሉ። የመጀመሪያውን ካርድ አነሳሁ። አፌን ሳልከፍት እጄን ያዙኝ።

"ይቺ የሱ ናት?"

"አዎ እትዬ፣ የሱ ናት።"

ሁለተኛውን ሳነሳም ጠየቁኝ። ሦስተኛውንም። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት በሕይወት ኖሩ፤ ሥራ ይዤ፣ አግብቼ፣ ልጅ ወልጄም እየሄድኩ አነብላቸው ነበር። ይወዱኝ ነበር፤ ለሠርጌ ወጥ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሦስቱን ካርዶች በቃላቸው ያውቋቸዋል፤ ማዕዘናቸው ተበልቶ መለየት አያቅትም። ሆኖም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠይቁኝ አንብቤላቸው አላውቅም። "ይቺ የሱ ናት?" ይላሉ፤ "የሱ ናት" እላለሁ፤ ዓይኔን ያያሉ፤ ከዚያ ይሰማሉ። እንደ ልጃቸው ይወዱኛል፣ ግን አያምኑኝም። ሁለቱ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው መቀመጥ እንደሚችሉ ከሳቸው ነው የተማርኩት፤ ለኔ ከቁጣ የባሰ ነበር።

አሁን እኔም አርጅቼ ለመርዶ ከሚጠሩት ሰዎች አንዷ ሆኛለሁ። ክፉ ወሬ ሲመጣ ሰፈሩ እኔንም ይጨምራል፤ አፌ እንደማያርፍ እያወቁ። ባለፈው ወር፣ በመስቀል ዋዜማ፣ አንድ የሰፈራችን ሾፌር ከጣርማ በር በታች መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ሚስቱ ደመራው ሊደመር ነው ብላ ልጆቿን አዲስ ልብስ እያለበሰች ነው። ተሰበሰብን። ደህና ሰዎች ናቸው፣ የሚያዝኑ ሰዎች፤ ያሉትም ያው ነው፤ "መስቀሉን ከልጆቿ ጋር ትዋል፣ ከነገ ወዲያ እንነግራታለን።"

"እኔ አሁን እሄዳለሁ" አልኩ። "የሚከተለኝ ይከተለኝ።" ደግ አይደለሽም ያለኝ አለ። ይሁን። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ስወጣ አንድ በአንድ ተከተሉኝ።

ነገርናት። የደረሰባትን አይቻለሁ፤ በእጄ ይዣታለሁ፤ የልጆቿ አዲስ ልብስ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ትንሽ ስትረጋ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ ከሰዉ ሁሉ እኔን መርጣ አየችኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቁት?" አለች።

"ከጠዋት ጀምሮ ነው ልጄ። እንደሰማን ነው የመጣነው።"

ዓይኔን አየች። ከዚያ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ አለቀሰች፤ ደግማ አልጠየቀችኝም።